ብድር በምድር፤ በኮርያ አገር የሥራ ባልደረቦች ለቤተ ሰብ በዓል ስለሚሰጡት ስጦታ

ሰው ለሰው የሚሰጠው ነገር ብዙ ስም አለው። ለተቸገረ ሲሰጥ ርዳታ ይባላል፤ ለእኩያ ሲሰጥ ውለታ ይባላል፤ ከበላይ ፊት ሲቀርብ ግን እጅ መንሻ ይባላል ፥ ውስጡም ሲከፋ መማለጃ ይሆናል። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ፥ የሚዘረጋውም እጅ ያው እጅ ሲሆን ስሙ እንዲህ የሚለዋወጠው በሰጭውና በተቀባዩ መካከል ባለው ነገር ምክንያት ነው። ይህን ነገር ከሥሩ ለመመርመር የሚወድ ሰው የኮርያን ሕዝብ ልማድ ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል። ምክንያቱም በዚያ አገር በሠርግ ፥ በሕፃን ልደት ፥ በሽማግሌ በዓልና በልቅሶ ጊዜ ለሥራ ባልደረባ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ መስጠት እንደ ግዴታ የሚቈጠር ጥንታዊ ሥርዓት ነው፤ መንግሥቱም ይህን ሥርዓት በሕግ ለመግራት ከአንድ ጊዜ በላይ ደክሟል። ስለዚህ ልማዱ ከወዴት እንደ መጣ ፥ በምን ምክንያት እንደ ተጣመመ ፥ እንዴትስ ለማቅናት እንደ ተሞከረ በአጭሩ እንነግራለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ይህ ስጦታ በኮርያ ቋንቋ ቡጆ ይባላል። ቃሉ ከቻይና ፊደል የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ደግፎ መርዳት ማለት ነው። ከስሙ እንደምንረዳው መጀመሪያው ትከሻ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። የኮርያ ገበሬ ኑሮ በሩዝ እርሻ ላይ የተመሠረተ ነበረ፤ የሩዝም ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ውሃ ወደ ተኛበት ማሳ የሚዛወርበት ወራት እጅግ አጭር ስለሆነ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ዱሬ በሚባል ማኅበር ተሰብስቦ ከማሳ ወደ ማሳ እየተዘዋወረ በአንድነት ይሠራ ነበረ። ከዚህም ሌላ ፑማሲ የሚባል ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም ዛሬ አንተ አንድ ቀን ብትሠራልኝ ነገ እኔ አንድ ቀን እሠራልሃለሁ የማለት ስምምነት ነው። ደቦንና ወንፈልን የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በእርሻ የተለመደው መረዳዳት በቤተ ሰብ ጉዳይም ገባ። ሠርግ የደገሰ እንደሆነ ጐረቤቱ ሩዝ ወይም መጠጥ ወይም እንቍላል ይዞ ይመጣል፤ የሚያመጣው ያጣ ደግሞ በወጥ ቤት ቆሞ ይሠራል ፥ ውሃ ይቀዳል ፥ እንጨት ይፈልጣል። ሰው የሞተበት እንደሆነ ኀዘንተኞቹ እሳት አንድደው ምግብ እንዳያበስሉ ጐረቤቶች ከቀይ አደንጓሬ የተሠራ ገንፎ ቀቅለው ያመጡላቸው ነበረ።

ይህ የገበሬ ልማድ በጽሑፍ ሥርዓት የተሰጠው በጆሶን መንግሥት ዘመን ነው። የጆሶን ነገሥታት ከ1392 ጀምረው አገሪቱን ሲገዙ የኮንፉሽየስን ትምህርት ለመንግሥታቸው መሠረት አደረጉ። በቻይና አገር በ1076 ሉ የሚባሉ ወንድማማች ሊቃውንት ለአገራቸው ሰዎች የጻፉት የመንደር ውል ነበረ፤ የኮርያ ሊቃውንትም ይህን ውል ተመልክተው ለራሳቸው አገር እንዲስማማ አድርገው ጻፉ። በኮርያ ቋንቋ ህያንግያክ ይባላል። ከጻፉትም መካከል ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት ይገኛሉ። አንደኛው ቶዌጌ በሚባል የብዕር ስሙ የታወቀው ዪ ህዋንግ ሲሆን በ1556 ለትውልድ አገሩ ለዬአን ጻፈ። ሁለተኛው ዩልጎክ የተባለው ዪ ዪ በ1571 የቾንግጁ ገዥ በነበረ ጊዜ ፥ ኋላም በ1577 በሄጁ አገር ጻፈ። የውሉ ራስ አራት ነው፤ በመልካም ሥራ እርስ በርስ መመካከር ፥ ጥፋትን እርስ በርስ መተራረም ፥ በሥርዓትና በልማድ እርስ በርስ መገናኘት ፥ በመከራ እርስ በርስ መረዳዳት። መከራ የተባሉትም በሰባት የተቈጠሩ ናቸው፤ እነርሱም የውሃና የእሳት ጥፋት ፥ ወንበዴ ፥ ሕመም ፥ ሞት ፥ የሙት ልጅ መሆን ፥ በሐሰት መከሰስና ድህነት ናቸው። እንግዲህ ለጐረቤት ልቅሶና ሠርግ መድረስ የቸርነት ሥራ ብቻ ሳይሆን በመዝገብ የተጻፈ የማኅበር ግዴታ ሆነ። በእርግጥ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት መኳንንቱ ነበሩ ፥ ተራው ሰውም ከእነርሱ ጋር እኩል አይቀመጥም ነበረ፤ ሆኖም መከራ በመጣ ጊዜ ማን ለማን እንዲደርስ አስቀድሞ ታውቆ ተወሰነ።

ከህያንግያክ ጋር አብሮ የሚነሣው ግዬ የሚባለው ማኅበር ነው። ግዬ አባሎቹ እህል ወይም ገንዘብ በየጊዜው እያዋጡ አንዱ ሠርግ ወይም ልቅሶ ሲደርስበት ከተዋጣው የሚሰጡበት ስምምነት ነው፤ አንዳንዱ እንደ እቁብ በተራ የሚወጣ ነበረ ፥ አንዳንዱም ለቀብር ብቻ የቆመ ነበረ። እንደዚሁም በየቤቱ ማን ምን እንዳመጣ የሚጻፍበት መዝገብ ይጠበቅ ነበረ። ይህ መዝገብ ለባዕድ ሰው ንፉግነት ይመስለዋል፤ ስጦታን እየቈጠሩ መጻፍ የሚያሳፍር ነው ይላል። ኮርያውያን ግን የሚያስቡት በዚህ ተቃራኒ ነው። የተቀበለውን የማይጽፍ ሰው ይረሳል ፥ የረሳም ሰው ብድሩን አይመልስም፤ ስለዚህ መዝገቡ የሚጠበቀው ሌላውን ለመክሰስ ሳይሆን ራስን ከውለታ ቢስነት ለመጠበቅ ነው። አባት ሲሞት መዝገቡ ለልጁ ይተላለፋል ፥ ልጁም አባቱ የተቀበለውን ለሰጭው ልጅ ይመልሳል። ብድር በምድር የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ልማድ እንደ ተነገረ ሆኖ ይስማማል።

ስጦታ የሚሰጥባቸው በዓላት ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን እንጥቀስ። ሕፃን በተወለደ በመቶኛው ቀን ቤጊል የሚባል በዓል ይደረጋል ፥ ዓመት ሲሞላውም ዶል የሚባለው ታላቅ በዓል ይከበራል። ቀድሞ ብዙ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ስለነበረ እነዚህን ቀኖች አልፎ መገኘት ትልቅ ደስታ ነበረ። በመቶኛው ቀን ቶክ የሚባለውን ከሩዝ ዱቄት በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ ለጐረቤቶች ያድላሉ፤ ለመቶ ቤት ቢታደል ሕፃኑ ዕድሜ ያገኛል ይሉ ነበረ። ዳቦውን የተቀበለው ቤት ሳህኑን ባዶውን አይመልስም፤ ለረጅም ዕድሜ ምልክት የፈትል ጥቅል ፥ ወይም ጥቂት ሩዝ ፥ ወይም ገንዘብ ጨምሮበት ይመልሳል። በዶል ቀን ደግሞ በሕፃኑ ፊት ፈትል ፥ የጽሕፈት ብሩሽ ፥ ሩዝ ፥ ገንዘብና ቀስት ተደርድሮ እጁን ወደየትኛው እንደሚዘረጋ ይጠበቃል፤ ፈትሉን ቢይዝ ረጅም ዕድሜ ፥ ብሩሹን ቢይዝ ትምህርት ፥ ገንዘቡን ቢይዝ ሀብት ይሆንለታል ይባላል። የዶል ስጦታ ሆኖ በኋላ ዘመን የጸናው የወርቅ ቀለበት ነው፤ ክብደቱም በአገሩ ሚዛን አንድ ዶን ፥ ይኸውም 3.75 ግራም ነው። ሦስተኛው በዓል ኋንጋፕ ይባላል። እንደ ምሥራቅ አገር አቈጣጠር ዘመን በስድሳ ዓመት ስለሚዞር አንድ ሰው ስድሳ ዓመት ሲሞላው ዙሩን ፈጸመ ይባላል ፥ ልጆቹም በፊቱ ሰግደው ጽዋ ያቀርቡለታል።

ኋንጋፕ ከነገሥታት ቤት እንኳ እንዴት ይከበር እንደነበረ የ1795 ዓመት ታሪክ ያስረዳል። ንጉሥ ጆንግጆ ለእናቱ ለእመቤት ህዬግዮንግ ስድሳኛ ዓመት ከሴኡል ተነሥቶ በብዙ ሠራዊት ወደ ኋሶንግ ከተማ ወረደ ፥ ጕዞውም ስምንት ቀን ፈጀ። በዚያም ለእናቱ ታላቅ ግብዣ አደረገ፤ ነገር ግን ደስታውን በቤተ መንግሥቱ ሰዎች ብቻ አላስቀረውም። ለከተማይቱ ድኆች ሩዝ አስታደለ ፥ ሽማግሌዎችንም ጠርቶ አበላ። ይህ ሁሉ ወጪው ሳይቀር በሥዕልና በጽሑፍ ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ተጠብቋል። የእናትን ዕድሜ የሚያከብር ሰው የሌላውን እናትና አባት ሊዘነጋ አይገባውም የሚለው ሐሳብ በዚህ ሥራ ይታያል። ከበላይ ወደ ታች የሚወርድ ስጦታ ሥርዓቱ እንዲህ ነበረ፤ ከታች ወደ በላይ ስለሚወጣው ግን በኋላ እንናገራለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዘመድና ስለ ጐረቤት ነው። በአንድ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች መረዳዳት የጀመሩት ግን በዛሬ ዘመን አይደለም። በጆሶን ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ሹማምንት ግዬ ያቆሙ ነበረ፤ በአንድነትም ተሰብስበው ከተደሰቱ በኋላ ስብሰባቸውን በሥዕል ያሠሩ ነበረ። ከሥዕሉ በታች የእያንዳንዱ ስም ፥ ማዕረግና የአባቱ ስም ይጻፋል፤ ከዚያም ለአባሎቹ ሁሉ አንዳንድ ቅጂ ይሰጣል። በ1550 ገደማ የግብርና የገንዘብ ጉዳይ የሚያይ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ያሠሩት ሥዕል በኮርያ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። በሌላው ወገን ደግሞ ሸቀጣቸውን በጀርባ ተሸክመው ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞሩ ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ቤታቸው መንገድ ስለሆነ በታመሙ ጊዜ የሚያስታምማቸው ፥ በሞቱም ጊዜ የሚቀብራቸው ጐረቤት የላቸውም፤ ስለዚህ የታመመውን ለማዳን ፥ የሞተውንም ለመቅበር እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ደንብ አቆሙ። ከቤቱ ለራቀ ሰው የሥራ ጓደኛው ጐረቤቱ መሆኑን አስቀድመው ያስተዋሉ እነዚህ ድኆች ነጋዴዎች ናቸው።

የእነዚህ ነጋዴዎች ዕጣ በሃያኛው መቶ ዓመት የአብዛኛው የደቡብ ኮርያ ሕዝብ ዕጣ ሆነ። ከ1950 እስከ 1953 የተደረገው ጦርነት መንደሮችን ካፈረሰ በኋላ ፋብሪካና ኩባንያ እየበዛ ሄደ፤ ሕዝቡም ወደ ከተማ ጐረፈ። በ1960 በከተማ ይኖር የነበረው ከሕዝቡ አንድ አራተኛ እጅ የሚበልጥ ጥቂት ነበረ፤ በ1990 ግን ሦስት አራተኛ ገደማ ደረሰ። ጐረቤቱን የማያውቅ የከተማ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው። ስለዚህ ቀድሞ ለጐረቤት የነበረው ብድር ወደ ባልደረባ ተዛወረ። እንቍላልና ሩዝ ተሸክሞ በባቡር መሄድ ስለማይቻል ስጦታው ገንዘብ ሆነ ፥ ገንዘቡም በነጭ ፖስታ ውስጥ ገባ። በየመሥሪያ ቤቱም ከደመወዝ ላይ በየወሩ ጥቂት እየቈረጡ ለአባል ሠርግና ልቅሶ የሚሰጡ ማኅበሮች ቆሙ፤ የድሮው ግዬ ስሙን ለውጦ ወደ ቢሮ ገባ ማለት ነው። ኩባንያውም በበኩሉ ገንዘብና የአበባ ጉንጉን ይልካል ፥ ለባለ ጉዳዩም የዕረፍት ቀን ይሰጣል።

የፖስታው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ሠርግ ወይም ልቅሶ ያለበት ሰው ወሬው ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይነገራል። በሠርጉ ቀን በአዳራሹ በር ላይ ሁለት ጠረጴዛ ይዘረጋል ፥ አንዱ ለሙሽራው ወገን ሁለተኛው ለሙሽሪት ወገን ነው። እንግዳው ከጠራው ወገን ፊት ቀርቦ ፖስታውን በሁለት እጁ ይሰጣል። በፖስታው ፊት ደስታን የሚገልጽ ቃል ፥ አብዛኛውን ጊዜ በቻይና ፊደል ፥ ተጽፎበታል፤ በጀርባው በግራ ወገን ወደ ታች የሰጭው ስምና መሥሪያ ቤቱ ይጻፋል። በጠረጴዛው የተቀመጠው የታመነ ዘመድ ተቀብሎ በመዝገብ ያሰፍርና ለእንግዳው የምሳ ቲኬት ይሰጠዋል። ለሠርግ የሚሰጠው ኖት አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ቍጥሩም ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ጎዶሎ ቍጥር የብርሃን ወገን ነው ብለው ስለሚያምኑ 30,000 ወይም 50,000 ወይም 70,000 ዎን ይሰጣሉ፤ 100,000 ግን ሙሉ ቍጥር ስለሆነ ይፈቀዳል። ማን ስንት እንደሚሰጥ የሚለካው በመቀራረብ ነው። ሰላምታ ብቻ ለሚለዋወጡ ባልደረቦች ትንሹ ይበቃል ፥ በአንድ ክፍል ለሚሠሩ ይጨመራል ፥ ለልብ ወዳጅም ከዚያ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ግን የሚታየው የድሮው መዝገብ ነው፤ ያ ሰው ለእኔ ሠርግ የሰጠው ስንት ነበረ ተብሎ ይመረመራል። ከዚያ አሳንሶ መመለስ ነውር ነው ፥ እጅግ አብልጦ መመለስም ወዳጅን በአዲስ ዕዳ መጫን ስለሆነ አይመሰገንም።

ለልቅሶ የሚሰጠው ፖስታ የኀዘን ቃል ይጻፍበታል። ልቅሶው አብዛኛውን ጊዜ በሆስፒታል አጠገብ በተሠራ አዳራሽ ለሦስት ቀን ይቈያል ፥ ባልደረቦችም ከሥራ ሲወጡ ተሰብስበው ይሄዳሉ። በሟቹ ሥዕል ፊት ሁለት ጊዜ ፥ በኀዘንተኞቹም ፊት አንድ ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ክርስቲያን የሆነ ግን በስግደት ፈንታ አበባ አኑሮ ጸሎት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው የሥጋ ሾርባ ይቀርብላቸዋል፤ መጠጥ ቢቀርብም በልቅሶ ቤት ብርጭቆ አያጋጩም። ወደ ሠርግ ሳይሄድ የቀረ ሰው ፖስታውን በጓደኛው እጅ ቢልክ ይበቃዋል፤ ወደ ልቅሶ ግን ራሱ መድረስ ይሻላል ይላሉ። ባለ ጉዳዩም ወደ ሥራው በተመለሰ ጊዜ ቶክ ወይም የሚጠጣ ነገር ለክፍሉ ሰዎች አምጥቶ ያመሰግናል። ያች በመቶኛው ቀን ከቤት ወደ ቤት ትዞር የነበረች ነጭ ዳቦ ዛሬ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ትዞራለች።

እስከዚህ ድረስ ልማዱ ያማረ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለው ፥ የአንድ ቤተ ሰብ የሠርግና የቀብር ወጪ በመቶ ሰው ላይ ሲከፋፈል ማንንም አይጐዳም። ችግሩ የተወለደው ባልደረባ ከጐረቤት በአንድ ነገር ስለሚለይ ነው። የመንደር ሰዎች ሁሉ በየተራቸው ይዳራሉ ፥ ሁሉም በየተራቸው ይቀበራሉ፤ በቢሮ ግን አለቃና ምንዝር ፥ ሥራ ሰጭና ሥራ ፈላጊ አለ። አለቃው ልጁን ሲድር ምንዝሮቹ ሁሉ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚዋዋለውም ነጋዴ ወፍራም ፖስታ ይዞ ይመጣል ፥ ስሙ በሰፊ ሪባን የተጻፈበትን የአበባ ጉንጉንም በበሩ ላይ ያቆማል። ያ ሰው የሚጠብቀው ብድር ለልጁ ሠርግ የሚመጣ ፖስታ አይደለም፤ ውልና ፈቃድ ወይም ሹመት ነው። እንዲህ ሲሆን ውለታ የነበረው ወደ እጅ መንሻ ፥ እጅ መንሻውም ወደ መማለጃ ይለወጣል። ኮርያውያን የሠርግ መጥሪያን የግብር ማስታወቂያ ብለው መቀለዳቸው ከዚህ የተነሣ ነው። አባቶችም ከሥራቸው ጡረታ ሳይወጡ ልጃቸውን ለመዳር ይቸኵላሉ፤ ወንበሩን የለቀቀ ሰው እንግዳው እንደሚያንስበት ያውቃሉና። ይህ ቸኵላ ብቻውን ከተጠሩት ሰዎች ስንቱ ለሰውየው ፥ ስንቱስ ለወንበሩ እንደሚመጣ የሚመሰክር ነው።

መንግሥት መጀመሪያ ያየው ግን የወጪውን ብዛት ነበረ። በፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን በ1969 የቤተ ሰብ ሥርዓቶችን ለማቅለል ሕግና ደንብ ወጣ፤ ምክር ብቻ ስለነበረ ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1973 ሕጉ ቅጣት ተጨምሮበት እንደገና ታወጀ ፥ በዚህም የታተመ መጥሪያ መላክ ፥ የአበባ ጉንጉን መደርደር ፥ ለእንግዳ የምላሽ ስጦታ ማደልና ምግብና መጠጥ ማቅረብ ተከለከለ። ሐሳቡ ድኻው ከሀብታም ጋር ሲፎካከር እንዳይጐዳ ማዳን ነበረ። ነገር ግን በሠርግ ቀን እንግዳን ጾሙን መስደድ ከኮርያውያን ልብ ጋር የሚስማማ አልነበረም ፥ ሕጉም በብዙ ቦታ ሳይፈጸም ቀረ። በጥቅምት 1998 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንድ ዜጋ ባቀረበው አቤቱታ ላይ ፈርዶ ምግብና መጠጥ እንዳይቀርብ የሚከለክለውን ክፍል ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ሻረው። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ራሱ ተሽሮ በሚያስገድድ ሳይሆን በሚመክር ሕግ ተተካ። ሕጉ የድግሱን ስፋት ለካ እንጂ በድግሱ በር የሚያልፈው ስጦታ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ አልመረመረም፤ ድካሙ ሁሉ ፍሬ ያጣው ስለዚህ ይመስለናል።

በዚያው በ1998 ይህ የስጦታ ልማድ ሌላ ፊቱን አሳየ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ኮርያ የውጭ ዕዳዋን ለመክፈል አቅቷት የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት ብድር ጠይቃ ነበረ። በጥር ወር ሕዝቡ በየቤቱ ያለውን ወርቅ እንዲያወጣ ጥሪ ተደረገ ፥ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሰውም መጣ። የተሰበሰበው ወርቅ 227 ቶን ገደማ ነበረ። ከዚህ ውስጥ ብዙው የሠርግ ቀለበትና ያ 3.75 ግራም የሚመዝን የሕፃናት የዶል ቀለበት ነው። ወርቁን ያመጡት ሰዎች ዋጋውን በአገራቸው ገንዘብ ተቀበሉ ፥ ወርቁም ወደ ውጭ ተሸጦ የውጭ ምንዛሪ ተገኘበት። እነዚህ ቀለበቶች ከየት እንደ መጡ ልብ እንበል፤ አያቶች ፥ ዘመዶችና የአባት የሥራ ባልደረቦች አንድ በአንድ ለሕፃኑ ያሰሩለት ናቸው። ማኅበር ለአንድ ሕፃን ያዋጣው በመከራ ቀን ከሕፃናቱ ቤት ወጥቶ ለማኅበር ተመለሰ። ኮርያም ከድርጅቱ የተበደረችውን በነሐሴ 2001 ከፍላ ጨረሰች።

መማለጃውን ከውለታ የመለየት ሥራ ግን ገና ይቀር ነበረ። በ2004 የኮርያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆና የተሾመችው ኪም ዮንግ ራን ኋላ የሙስና መከላከያው ኮሚሽን ሊቀ መንበር በነበረች ጊዜ በ2012 አዲስ ሕግ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበች፤ ሕዝቡም ሕጉን በእርስዋ ስም ይጠራዋል። በመጋቢት 2015 በሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ጸደቀ ፥ በሐምሌ 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ትክክል ነው ብሎ አጸናው ፥ ከመስከረም 28 ቀን 2016 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ የሚይዘው የመንግሥት ሠራተኞችን ፥ መምህራንንና ጋዜጠኞችን ነው። በመጀመሪያ ለሠርግና ለልቅሶ የሚሰጠው ከ100,000 ዎን እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በጥር 2018 ይህ ወደ 50,000 ዝቅ ተደረገ ፥ የአበባ ጉንጉን ሲጨመርበት ግን እስከ 100,000 ይፈቀዳል። ይህ ሕግ ከ1973ቱ የሚለየው ድግሱን ትቶ ሰዎቹን በመመልከቱ ነው፤ ወዳጅ ለወዳጁ እንዳይሰጥ አልከለከለም ፥ የሥልጣን ጉዳይ በመካከላቸው ያለ እንደሆነ ግን ስጦታው ሊመለስ ከሚችል ልክ እንዳያልፍ ወሰን አበጀለት። ከ50,000 ዎን ላይ ውል ሊገዛ የሚችል ነጋዴ የለም፤ ሊያጽናና የሚችል ወዳጅ ግን አለ።

ይሁን እንጂ ሕግ ሊደርስበት የማይችለው ነገር ይቀራል። ዛሬ በኮርያ የሚያገባው ሰው ከቀድሞው ያነሰ ነው ፥ ልጅም የሚወለደው ጥቂት ነው። ሳያገባ የሚኖር ሰው ለባልደረቦቹ ሠርግና ለልጆቻቸው ዶል ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ ለእርሱ የሚመለስበት ቀን አይመጣም፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ይህን አስተውለው ላለማግባት ለወሰኑ ሠራተኞቻቸው የሠርጉን ያህል ገንዘብ መስጠት ጀምረዋል። ሠራተኛውም ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ቶሎ ስለሚዛወር የዛሬው ባልደረባ ነገ አይገኝም። ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ በመጥሪያው ላይ የባንክ ሒሳብ ቍጥር መጻፍ ተለመደ ፥ ብዙ ሰውም ሳይሄድ ገንዘቡን ብቻ ይልካል። የዶልም በዓል ባልደረቦች ከሚጠሩበት ትልቅ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ቤተ ሰብ ማዕድ እየተመለሰ ነው። ኋንጋፕ ደግሞ ከዚህ በፊት ቀንሷል፤ በ1960 የአገሩ ሰው አማካይ ዕድሜ ሃምሳ አምስት ገደማ ስለነበረ ስድሳ መድረስ ያስደንቅ ነበረ ፥ ዛሬ ከሰማንያ ስለሚያልፍ ብዙዎች ሰባኛውን ያከብራሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስተውል። ዛሬ በኮርያ በሠርግና በልቅሶ ፖስታ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው በ2009 የወጣው የ50,000 ዎን ኖት ነው። በእርሱ ላይ የተሣለችው ሴት ሠዓሊዋ ሲን ሳይምዳንግ ናት፤ እርስዋም በ1571 የመንደሩን ውል የጻፈው የዩልጎክ እናት ናት። የዩልጎክ ሥዕል ራሱ በ5,000 ዎን ኖት ላይ ፥ የቶዌጌም ሥዕል በ1,000 ዎን ኖት ላይ ይገኛል። እንግዲህ በበሩ ላይ ፖስታ የሚሰጥ ኮርያዊ ሁሉ ሳያስበው የውሉን ጸሐፊዎች ወይም የጸሐፊውን እናት በእጁ ይዞ ይሰጣል። እነዚያ ሊቃውንት ቢጠየቁ የሚፈርዱት በገንዘቡ ማነስና መብዛት አይመስለንም። ሰጭው ነገ በተቀባዩ ቦታ ሊቆም ፥ ተቀባዩም ነገ በሰጭው ቦታ ሊቆም ይችል እንደሆነ ይጠይቁ ነበረ። የሚችል ከሆነ ስጦታው ደግፎ መርዳት ነው ፥ ስሙም ሥራውም አንድ ነው። የማይችል ከሆነ ግን ፖስታው ምንም ያህል ነጭ ቢሆን ፥ ቃሉም ምንም ያህል ባማረ ፊደል ቢጻፍበት ፥ ሰጭው የሰጠው ለሰው ሳይሆን ለወንበር ነው፤ ወንበር ደግሞ ብድር አይመልስም።